ጥግህ ላይ የሚቆመው ሰው

ይድረስ ለተወደደው የእህት ልጅ፤

እናትህ ሰሞኑን ለአጎትህ ደውላ ከአማተር ቦክስ ወጥተህ ፕሮፌሽናል ልትሆን መቁረጥህን፣ አንድ ፕሮሞተርም ውል አዘጋጅቶ ፊርማህን እየጠበቀ መሆኑን ነገረችው። «ምከረው» አለች። እንዲያስቀርህ እየለመነችው እንደሆነ ከድምጿ ያስታውቃል። አጎትህ ግን ጢም ያወጣ ሰው በስልክ ጩኸት ከቆረጠበት እንደማይመለስ ስለሚያውቅ ብዕር ማንሳትን መረጠ። እሱ ሪንግ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሆኖም ለንደን ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ቦክስ እያለ ሳያይ የተኛበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያየውንም አይረሳም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሊነግርህ የሚፈልገው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ጥግህ ላይ ስለሚቆመው ሰው። ስለ ቡጢህና ስለ እግርህ አሰልጣኝህ ይንገርህ። ነገር ግን በሁለት ዙር መካከል ባለችው አንድ ደቂቃ ፊትህ ተንበርክኮ ዓይንህን የሚያየው፣ «ይበቃል» ብሎ ፎጣ ለመወርወር የማያመነታው፣ ውልህንም ካንተ በፊት የሚያነብልህ ማን ነው? በአንተ ክብደት የተጋጠሙትን ሰዎች ታሪክ ለተከታተለ፣ በጤና ወደ ቤታቸው የገቡትን ከአልጋ ከቀሩት የለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ምድብህ ሱፐር ሚድልዌይት ነው። ጣሪያው 168 ፓውንድ፣ በኪሎ 76.2። ከ72.6 ኪሎው ሚድልዌይትና ከ79.4 ኪሎው ላይት ሄቪዌይት መካከል የተሰካ፣ በቦክስ ዕድሜ ገና ልጅ የሚባል ምድብ ነው። ከቦክስ ድርጅቶች መካከል አይ ቢ ኤፍ በ1984 ቀበቶ አወጣለት፤ ደብሊው ቢ ኤ በ1987፣ ደብሊው ቢ ሲና ደብሊው ቢ ኦ ደግሞ በ1988 ተከተሉ። የዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ላስ ቬጋስ ውስጥ ዶኒ ላሎንድን በዘጠነኛው ዙር ዘርሮ በአንድ ሌሊት የሱፐር ሚድልዌይትንም የላይት ሄቪዌይትንም ቀበቶ ይዞ ሄደ። ቀበቶ ሲበዛ እንዲህ ያለ ገበያ ይደራል። አራቱን ቀበቶዎች አንድ ሰው ወገብ ላይ ለማየት እስከ ኖቬምበር 2021 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ያኔ ካኔሎ አልቫሬዝ ኬሌብ ፕላንትን በ11ኛው ዙር አስቁሞ ሰበሰባቸው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «በሁለት ዓመት ሻምፒዮን አደርግሃለሁ» ቢልህ የየትኛው ድርጅት ሻምፒዮን፣ ማንን አሸንፌ ብለህ ጠይቀው።

አሁን ወደ ጆ ካልዛጊ እንለፍ። ከዚህ ምድብ ሰዎች ሁሉ አጎትህ ደጋግሞ የሚያስበው እሱን ነው። በ1972 ለንደን ተወልዶ ያደገው ኒውብሪጅ በምትባል፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባበቃላት የዌልስ ሸለቆ ከተማ ነው። እናቱ ዌልሳዊት፣ አባቱ ኤንዞ የሰርዲኒያ ጣሊያናዊ። ኤንዞ ሙዚቀኛ ነበር፤ ባስ ጊታር ተጫዋች። ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ሆኖ አያውቅም። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ጓንት ሲያጠልቅ አባትየው አብሮ ተማረ፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ድረስ ከጥጉ አልተለየም። አዋቂ ነን ባዮች ለብዙ ዓመታት ስቀውበታል። «ልጅህን ለእውነተኛ አሰልጣኝ አስረክብ» ያሉት ስፍር ቁጥር የላቸውም። ልጁም እንደ ማንኛውም ልጅ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ያውቃል። መለያየት ግን አልሆነላቸውም።

ጆ ግራኝ ነበር። በአማተርነቱ ከ1991 እስከ 1993 በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ምድብ ከፍ እያለ በሦስት የተለያዩ ክብደቶች የእንግሊዝን የአማተር ሻምፒዮና ወሰደ። ኦክቶበር 1993 ሌኖክስ ሉዊስና ፍራንክ ብሩኖ ካርዲፍ ላይ በተጋጠሙበት ምሽት ከዋናው ግጥሚያ በፊት ወጥቶ የመጀመሪያ ተጋጣሚውን በአንደኛው ዙር አስቆመ። ሕዝቡ የመጣው ለሉዊስና ለብሩኖ ነው፤ ያን ልጅ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ቢሆን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ዓመት ጠበቀ። መጠበቁን አስምርበት፤ የዓለም ቀበቶ ለመግጠም አራት ዓመት ፈጅቶበታል።

ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ተጋጣሚው ተለወጠ። ሻምፒዮኑን ስቲቭ ኮሊንስን ሊገጥም ሲዘጋጅ ኮሊንስ ቀረ፤ ክፍት በቀረው የደብሊው ቢ ኦ ቀበቶ ላይ ክሪስ ዩባንክ በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ተተካ። ዩባንክ ማለት ያን ጊዜ ስሙ ብቻ የሚያስፈራ ሰው ነበር። ኦክቶበር 11 ቀን 1997 ሼፊልድ ላይ ደወሉ እንደተደወለ ብዙም ሳይቆይ የካልዛጊ ግራ ቡጢ ዩባንክን ወለል ላይ አስቀመጠው። ልጁ ጓጓ። በአንድ ዙር ሊጨርሰው እጁ እስኪዝል ወረወረ፤ ዩባንክ ግን ተነሥቶ ቆመ፤ ቆሞም እስከ 12ኛው ዙር ተከተለው። ካልዛጊ በነጥብ አሸነፈ። በኋላ ዘመኑን ሁሉ ከገጠሙት አንዱ ከባድ ምሽት ይኸ እንደሆነ ሲናገር ተሰምቷል። የ25 ዓመት ጎረምሳ ሁለት ዙር ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው የቀሩትን አሥር ዙሮች ያሻገረው ከጥጉ «ቀስ በል፣ እጅህን ቆጥብ» የሚል ሰው በመኖሩ ነው ቢባል አጎትህ ያምናል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስምንት ዓመታት በአንድ አንቀጽ ያልቃሉ። ቀበቶውን ደጋግሞ አስከበረ። ሮቢን ሪድን በ1999 ያሸነፈው ነጥብ ሰጪዎቹ ተከፋፍለው ነው፤ ሪድ አሸንፏል ብሎ የሚከራከር ዛሬም አለ። ሪቺ ውድሃልን በ2000 አስቆመ። እጆቹ ተሰባሪ ነበሩ፤ በየጊዜው ይጎዱ ስለነበር ቡጢውን በጥፊ መልክ ይለቃል እየተባለ ተተችቷል። «ከሀገሩ አይወጣም፣ ትልልቆቹን አይገጥምም» የሚለው ወቀሳም አልተለየውም። አጎትህ እውነቱን ሲናገር ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ከገጠማቸው መካከል ዛሬ ስማቸው የሚጠራው ጥቂቶች ናቸው።

ከነዚያ መካከል ግን አንዷን ምሽት ፈልገህ ተመልከታት። ጁን 2003፣ ካርዲፍ፣ ባይረን ሚቸል። ሁለተኛው ዙር ላይ ካልዛጊ አገጩን ገልጦ ሲገባ የሚቸል ቀኝ አገኘውና በፕሮፌሽናልነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለሉን ነካ። ጉልበቱ ገና አልጠናም። ማንም አሰልጣኝ የሚያስተምረው ያዝ፣ ተጠጋ፣ ጊዜ ግዛ ነው። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ፤ ሁለቱም መሐል ሪንግ ላይ ተፋጁ፤ እዚያው ዙር ውስጥ ሚቸል ተዘረረ፤ ተነሥቶም ዳኛው አስቆመው። የሚያምር ምሽት ነው። አንተ ግን እንዳትኮርጀው። እንዲያ አድርገው የተሸነፉት ሰዎች ቪዲዮ ስለማይታይ ነው ይኸኛው ጀግንነት ብቻ የሚመስለው።

ጄፍ ሌሲ የሚባለው አሜሪካዊ የመጣው በዚህ መሐል ነው። 21 ድል፣ ዜሮ ሽንፈት፣ የአይ ቢ ኤፍ ቀበቶ፣ ደንዳና ትከሻ። አሜሪካኖቹ ሁለተኛ ማይክ ታይሰን አድርገው ያዩት ነበር። ግጥሚያው በ2005 መጨረሻ ሊደረግ ታስቦ ካልዛጊ ሴፕቴምበር ላይ ከሌላ ተጋጣሚ ጋር ሲገጥም እጁ ተሰብሮ ተራዘመ። ወደ ማርች 2006 ተዛወረ። ቀኑ ሲቃረብ እጁ እንደገና አመመው፤ ካልዛጊ አልገጥምም ሊል ተነሣ። እዚህ ላይ ነው ጥግ ላይ የሚቆመው ሰው የታየው። ኤንዞ ልጁን ያዘው። ይህን ሰው በአንድ እጅህም ትመታዋለህ፣ ዛሬ ከቀረህ ግን ስምህ አብሮህ ይቀራል በሚል አሳብ አስጨንቆ ወደ ሪንግ መለሰው።

ማንቸስተር ላይ ማርች 4 ሌሊት የሆነውን አጎትህ በቴሌቪዥን ሲያይ ሻዩ ቀዝቅዞበታል። ሌሲ የሚመታው ሰው አጣ። ካልዛጊ ሦስት አራት ቡጢ አከታትሎ ይሰድና ገና ሌሲ እጁን ሲያነሣ በጎኑ ይገኛል። ስድስተኛው ዙር ላይ የሌሲ ፊት አብጦ ደም ለብሷል። 12ኛው ዙር ላይ ወደቀ። አንደኛው ዳኛ 119 ለ105፣ ሁለቱ 119 ለ107 ሰጡ። በቦክስ አነጋገር ይኸ ግጥሚያ አይባልም፤ ትምህርት ይባላል። ሌሲ ከዚያ ሌሊት በኋላ ቀድሞ የነበረውን ሌሲ ሆኖ አልታየም።

ነገር ግን ልብ አድርግ። የኤንዞ ቃል ያን ቀን ትክክል የሆነው ልጁን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ነው። ፍርሃት ሲይዘውና እውነተኛ ሕመም ሲይዘው ፊቱ የተለያየ መሆኑን ለይቶ ያውቃል። ያው ቃል ከማያውቅህ ሰው አፍ፣ ትኬት ተሽጧል፣ ቴሌቪዥን ተከፍሏል በሚል ምክንያት ቢወጣ ኖሮ ወንጀል ይሆን ነበር። ጉዳት ያለበትን ሰው ግባ ማለት የሚችለው አትግባ ማለትም የሚችል ሰው ብቻ ነው። የአንተ ሰው ሁለተኛውን ተናግሮ ያውቃል ወይ?

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እናትህ ባታነበው ይሻላል።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 ለንደን፣ የቶተንሃም ሜዳ ዋይት ሃርት ሌን። ያው ክሪስ ዩባንክ ከማይክል ዋትሰን ጋር፣ ለዚሁ ላንተው ምድብ የደብሊው ቢ ኦ ቀበቶ። ከሦስት ወር በፊት በሚድልዌይት ተጋጥመው ዩባንክ ያሸነፈው ብዙ ሰው ባልተስማማበት ውሳኔ ስለነበር ዋትሰን እልህ ይዞት ነው የገባው። እየመራ ነበር። 11ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ዩባንክን ጣለው። ዩባንክ ተነሣና አንድ አፐርካት ከታች አመጣ፤ ዋትሰን ወደ ኋላ ሲወድቅ አንገቱ ገመዱን መታ። ደወሉ አዳነው። በጥጉ ተቀምጦ ውኃ ተረጨበት። ለ12ኛው ዙር ቆመ፤ ዩባንክ ዘነበበት፤ ከግማሽ ደቂቃ በታች ዳኛው አስቆመው። ጥቂት ቆይቶ ዋትሰን ራሱን ሳተ።

ሪንግ ዳር ሐኪሞች ነበሩ፤ ራሱን የሳተን ሰው ትንፋሽ ለማስተካከል የሚያስፈልገው መሣሪያና ሙያ ግን በቅርብ አልነበረም። ሕዝቡ ተረባበሸ፤ ቃሬዛው ዘገየ። መጀመሪያ የተወሰደው የአንጎል ቀዶ ጥገና ክፍል ወደሌለው ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሴንት ባርቶሎሚው። ለ40 ቀናት ኮማ ውስጥ ቆየ፤ ፒተር ሃምሊን የተባሉት ሐኪም ስድስት ጊዜ አንጎሉን ከፈቱት። ከዚያ በኋላ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር። ዋትሰን የብሪታንያን የቦክስ ቁጥጥር ቦርድ ከሰሰ። ሪንግ ዳር ተገቢው ሕክምና ቢኖር ጉዳቴ እንዲህ አይከፋም ነበር አለ፤ ፍርድ ቤቱ በ1999 ፈረደለት፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2000 መጨረሻ አጸናው። ቦርዱ ገንዘብ አጥቶ በመጨረሻ የተስማሙት በ400,000 ፓውንድ ነው። ዋትሰን በ2003 የለንደንን ማራቶን በስድስት ቀን ተራምዶ ጨረሰ። ሲጨርስ ከጎኑ ከነበሩት መካከል ሐኪሙና ያው ዩባንክ ነበሩ።

ከዋትሰን ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ዛሬ በብሪታንያ ቦክስ ሲደረግ አምቡላንስና ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ ሪንግ ዳር ከሌለ ደወል አይደወልም፤ የሚቀበለው ሆስፒታልም አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ጥንቃቄ የጄራልድ ማክሌላንን ሕይወት አትርፏል። ጤናውን ግን አላተረፈለትም።

ማክሌላን ከኢሊኖይ የመጣ አሜሪካዊ ነው። ያሳደገው አሰልጣኝ ዲትሮይት የነበረው ስመ ጥሩ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ሲሆን ለንደን ሲመጣ ግን ተለያይተው ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1995 ናይጄል ቤንን ሲገጥም ጥጉ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ቤን በመጀመሪያው ዙር በገመዶቹ መካከል አልፎ ከሪንግ ውጭ ወደቀ፤ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ የተካሄደውን ግጥሚያ የሚተርክ ሁሉ የእንግሊዝ ምርጥ ይለዋል። አጎትህ ደግሞ የሚያስታውሰው የማክሌላንን ዓይን ነው። ከግጥሚያው አጋማሽ ጀምሮ ዓይኑን ደጋግሞ ይጨፍናል ይገልጣል፤ የጥርስ መከላከያው ከአፉ ወጣ ወጣ ይላል። የቴሌቪዥን ተንታኞች ሳይቀሩ ተናገሩት። ሚሊዮን ሰው ያየውን ጥጉ ላይ ያሉት ወይ አላዩትም ወይ አላመኑትም። ስምንተኛው ዙር ላይ ቤንን እንደገና ስለጣለው እያሸነፈ መሰላቸው። አሥረኛው ዙር ላይ ማክሌላን ሁለት ጊዜ ተንበረከከ፤ ሁለተኛው ላይ አሥር እስኪቆጠር አልተነሣም። ወደ ጥጉ ሄዶ ተቀመጠ፤ ከዚያም ተንሸራትቶ ወለል ላይ ተጋደመ።

አንጎሉ ላይ የረጋው ደም ወጣ፤ ነፍሱ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ አያይም፤ ጆሮውም ብዙ አይሰማም፤ የሚንከባከቡት እህቶቹ ናቸው። ያን ሌሊት ስቱዋርድ ጥጉ ላይ ቢሆን ኖሮ ፎጣ ይወረውር ነበር ወይ? ማንም ሊምል አይችልም። አሰልጣኝን በግጥሚያ ዋዜማ መለወጥ ግን ዓይንህን የሚያውቀውን ሰው በማያውቀው መለወጥ ነው። ለዚህ ክርክር የለም።

ጥጉ ላይ ሰው ሲኖርህ ደግሞ ሽንፈትም ራሱ መጨረሻ አይሆንም። ካርል ፍሮችን ታውቀዋለህ፤ የኖቲንግሃሙ። በ2010 በሚኬል ኬስለር ተሸነፈ፤ በ2011 መጨረሻ ደግሞ አትላንቲክ ሲቲ ላይ በአንድሬ ዋርድ። ሁለት ሽንፈት ያለበትን ሰው ገበያው ይጥለዋል ይባላል። እሱ ግን በ2012 ኖቲንግሃም ላይ ተሸንፎ የማያውቀውን ሉሲያን ቡቴን በአምስት ዙር አስቆመ፤ በ2013 ኬስለርን መለሰለት፤ ሜይ 2014 ዌምብሊ ላይ 80,000 ሰው ፊት ጆርጅ ግሮቭስን በስምንተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ ሄደ። ጥጉ ላይ ያን ሁሉ ዘመን የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ሮብ ማክራከን። ፕሮሞተሮች «ዜሮህን ጠብቅ» እያሉ ደካማ ደካማውን ሲያቀርቡልህ ይህን አስብ።

ካልዛጊ ግን ዜሮውን ይዞ ነው የወጣው። ኖቬምበር 2007 ካርዲፍ ስታዲየም ውስጥ ወደ 50,000 ሕዝብ ፊት ኬስለርን በነጥብ ረትቶ የደብሊው ቢ ኤና የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶዎች ጨመረ። የዚያ ዓመት የቢቢሲ የዓመቱ ስፖርተኛ ጆ ሆነ፤ የዓመቱ አሰልጣኝ ደግሞ ያ የተሳቀበት ባስ ጊታር ተጫዋች። በቀጣዩ ኤፕሪል ላስ ቬጋስ ሄዶ፣ አንድ ምድብ ከፍ ብሎ፣ የ43 ዓመቱን በርናርድ ሆፕኪንስን ገጠመ። አንደኛው ዙር ላይ ወደቀ። ሆፕኪንስ እየያዘ፣ እየተደገፈ፣ ጊዜ እየሰረቀ ሊያበላሽበት ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ቡጢ ቆጠረ። ቆጣሪዎቹ እንደመዘገቡት 707 ወርውሮ 232 ሲያሳርፍ የሆፕኪንስ 127 ነው። ዳኞቹ ግን ተከፋፈሉ፤ ሁለት ለእሱ፣ አንድ ለሆፕኪንስ። ኖቬምበር 2008 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሮይ ጆንስን ገጠመ። እንደገና አንደኛው ዙር ላይ ወደቀ፤ ከዚያ የቀረውን ሁሉ ወሰደ። ሦስቱም ዳኞች 118 ለ109። ጆንስ ያኔ የድሮው ጆንስ ስላልነበረ ድሉ ብዙ አያስመካም።

የሚያስመካው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ፌብሩዋሪ 2009፣ በ36 ዓመቱ፣ 46 ገጥሞ 46 አሸንፎ፣ ከነዚያም 32ቱን ከመጨረሻው ደወል በፊት ጨርሶ፣ የሱፐር ሚድልዌይት ቀበቶውን 21 ጊዜ አስከብሮ ተሰናበተ። ገንዘብ የሚሰጠው አላጣም፤ ተመለስ የሚለውም አልጠፋም። አልተመለሰም። ሮይ ጆንስ ግን ለብዙ ዓመታት እየገጠመ ኖረ፤ በዝረራ ሲወድቅ ያየነው ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብዙ ጊዜ ነው። ኤንዞ በ2018 አረፈ።

አሁን ወደ ገንዘብ። እዚህ ላይ አጎትህ ቸኩሎ ማለፍ አይወድም፤ ምክንያቱም ውሉ ጠረጴዛህ ላይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች። ካልዛጊን የሚያህል ሻምፒዮን እንኳን ከብዙ ዘመን ፕሮሞተሩ ጋር በ2008 ሲለያይ ነገሩ ለንደን ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ዳኛው ለእሱ ቢፈርዱም በስንብቱ ሰሞን ከጠበቃ ጋር ሲመላለስ ነበር። ፕሮሞተር ግጥሚያ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ማናጀር ደግሞ ያንተን ጥቅም እንዲጠብቅ ካንተ ገቢ የሚከፈለው ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ፣ ወይም አንዱ የአንዱ ዘመድ ከሆነ፣ ዋጋህን ሲደራደሩ ከማን ጋር ነው የሚደራደሩት? ለአሰልጣኝ አሥር ከመቶ መክፈል የተለመደ ነው። የማናጀሩን ድርሻ፣ የውሉን ዘመን፣ ብትጎዳ ውሉ መራዘም አለመራዘሙን፣ ፕሮሞተሩ በዓመት ስንት ግጥሚያ እንደሚያዘጋጅልህ ጽሑፉ ላይ ፈልግ። ካላገኘኸው የለም ማለት ነው፤ በቃል የተነገረህን እርሳው።

ደግሞም ይኸን እወቅ። በትንንሽ አዳራሾች የሚገጥም ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ደሞዙ ከሸጠው ትኬት ነው። ትኬት የማይሸጥ ልጅ ጥሩ ቢሆንም ይረሳል፤ ትኬት የሚሸጥ ልጅ ደካማ ቢሆንም ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። የእኛ ሰው ይገዛልሃል፤ ከቤተክርስቲያን በር ላይም፣ ከምግብ ቤቱም፣ ከእድሩም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ግጥሚያ በእልልታ ይሞሉልሃል። ስድስተኛው ላይ ልጅ አለ፣ ሥራ አለ፣ ዝናብ አለ። ስለዚህ የጀመርከውን የኤሌክትሪክ ሙያ ኮርስ አታቋርጥ። ካልዛጊም ቢሆን ገንዘብ ያየው ዘግይቶ ነው።

ስለ ክብደትም አንድ ቃል። ሚዛን የሚወጣው ከግጥሚያው አንድ ቀን በፊት ስለሆነ አሰልጣኞች ትልቁን ሰው በውኃ ጥም አድርቀው ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ያስገቡታል። የደረቀ ሰው አንጎሉም ይደርቃል፤ ሐኪሞች ከግጥሚያ በኋላ ለሚደርስ የአንጎል አደጋ ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሳትራብ ሳትጠማ 76 ኪሎ መሆን ካልቻልክ ምድብህ 79ኙ ነው። አጎትህ ሰሞኑን ባየህ ጊዜ የሱሪህን ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ አጥብቀህ ነበር፤ አላየም አይባልም።

የቁጥጥር ቦርዱ ፈቃድ ሲሰጥህ የአንጎል ኤም አር አይ ትነሣለህ፤ በየዓመቱም ይደገማል። ውጤቱ ቦርዱ ዘንድ ይቀመጣል ብለህ አትተወው። የመጀመሪያውን ፎቶ ቅጂ ጠይቀህ ያዝ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አዲሱን ከአሮጌው ጋር የሚያስተያይልህ ሐኪም ያስፈልግሃል። በዝረራ ወይም ዳኛው አስቁሞህ ከተሸነፍክ ቦርዱ ለጥቂት ሳምንታት ያግድሃል። እገዳው ሪንግን ብቻ አይመልከት፤ ስፓሪንግንም አቁም። አብዛኛው ቡጢ የሚያርፍብህ ሕዝብ በሚያይህ ምሽት አይደለም፤ ጂም ውስጥ ማንም ሳያይህ ነው።

እንግዲህ አጎትህ የሚለምንህ ይህን ነው። ውሉን ገና አትፈርም፤ ኮፒውን ላክለትና የስፖርት ውል የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው። የጠበቃውን ዋጋ እሱ ይችላል። ከዚያ አሰልጣኝህን ለብቻው ቡና ጋብዘውና ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ፎጣ ወርውሮ ያውቃል ወይ፣ ለማን ወረወረ፣ ያ ልጅ ዛሬ የት ነው። መልሱን ሲሰጥህ ፊቱን እይ። መልሱ ካጠገበህ ስሙንና ስልኩን ለእናትህ ስጣት፤ በግጥሚያ ቀን የምትደውለው ለአንተ ሳይሆን ለእሱ ነው። መልሱ ካላጠገበህ ሌላ አሰልጣኝ እስክታገኝ ፊርማህን አቆይ፤ ፕሮሞተሩ በእርግጥ የሚፈልግህ ከሆነ ሁለት ወር ይጠብቅሃል።

አጎትህ፣ ከለንደን